በአቡነ ዘበሰማያት ፍጥነት፦ ሐዋሳ ላይ ሩጫ እንዴት እንደሚጀመር

መጀመሪያ ጫማ። ሶሉ ያላለቀ፣ ጣት የማይጨቁን ይሁን እንጂ ልባሽም ቢሆን ግድ የለም። ውድ ሰዓትና የሚያብረቀርቅ ቱታ ትርፍ ነው። የስልክ ሰዓት ይበቃል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ቀጥሎ በሳምንት ሦስት ቀን ቁረጡ። እኔ ሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እወጣለሁ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ከአሞራ ገደል ጀምሮ በሐይቁ ዳር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ ሲጠብቁ ቆመው ያዩኛል። ሳይነጋ አትውጡ፤ ጅብ አለ።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ከሦስት ዓመት በፊት ሁዳዴ ሲገባ ሁለት ነገር ባንዴ ወሰንኩ፦ በየቀኑ ታቦር ተራራን በሩጫ መውጣትና በየቀኑ መቶ ስግደት። በአራተኛው ቀን ቅልጥሜ አላስረግጥ አለኝ። ስግደቱም በዚያው ቀረ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ አምስት ስገድ። ነገም አምስት ስገድ» አሉኝ። ሩጫውንም በዚሁ ሕግ ጀመርኩት፦ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ። በቃ፣ 24 ደቂቃ ነው።

ዋናው ጣጣ ፍጥነቱ ነው። ጀማሪ ሁሉ ይፈጥናል። ለዚህ ያገኘሁት መለኪያ ከማንኛውም አፕ ይሻለኛል፦ እየሮጣችሁ አቡነ ዘበሰማያትን ድምፅ አውጥታችሁ በሉ። በየቃሉ ትንፋሽ ከቆረጣችሁ ፈጥናችኋል፤ ቀንሱ። እንደ ማኅሌት ማዜም ከቻላችሁ ትንሽ ጨምሩ። ሐረግ ሐረጉን ጨርሳችሁ ከተነፈሳችሁ ልክ ናችሁ።

ቀስ ማለት ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው ከገብርኤል የሚመለሱ እናቶች ቀድመውኝ ያውቃሉ። አንድ ባጃጅ ደግሞ ቆሞ «ልውሰድህ?» ብሎኛል። ግን ልብና ሳምባ በጥቂት ሳምንት ይለማመዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሻችሁ «ቻልኩ» ሲላችሁ ቅልጥማችሁ ገና ነው። እኔን የሰበረኝ ይህ ልዩነት ነው። በዚያ ላይ ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ከቆላ የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ቢያለከልክ አይገርምም። በየሳምንቱ ከሩጫዋ ደቂቃ ላይ 30 ሰከንድ ብትጨምሩ ብዙ ነው።

አንድ ቀን ከቀረባችሁ በማግስቱ እጥፍ አትሩጡ። ያመለጠ ዕዳ አይደለም። ዕረፍቱም የሥርዓቱ አካል ነው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከፋሲካ በኋላ 50 ቀን ሙሉ ጾምም የንስሐ ስግደትም አታዝም። እሑድም አይሰገድም። እኔ ይህን ሥርዓት ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ በየቀኑ ለመሮጥ መነሣቴ ይደንቀኛል።

ጾም ላይ ያላችሁ ደግሞ፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ጠዋት ላብ አፍስሶ ያለ ውኃ መዋል ድፍረት ነው። ስምንት ሰዓት ላይም የሐዋሳ ፀሐይ አናት ይበሳል። እኔ እህል ከቀመስኩ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቼ፣ አመሻሹን እወጣለሁ። ጎረቤቴም በረመዳን ከአፍጥር በኋላ ነው የሚሮጠው፤ አንዳንዴ የሁለታችን ጾም ሲገጥም አብረን እንወጣለን። ጉልበት ያጣ ቀን ይራመድ።

ታቦርን ለሦስተኛው ወር አቆዩት። መውጣቱ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚያስጨርሰው። ስትወርዱ ግን አትሩጡ፤ ጠጠሩ ያንሸራትታል፣ ጉልበትንም የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው።