ቴስተሩ ያሳለፈው ኬብልና ሌሎች የኔትወርክ ላብ ስህተቶች

ይህ ጽሑፍ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ለገጣፎ ሳሎኑ ጥግ ያገለገለ ስዊችና ራውተር ደርድሮ ኔትወርክ ለሚለማመድ ሰው ነው። አይፒ አድራሻ ምን እንደሆነ ገና ያልገባው ሰው እሱን ጨርሶ ይምጣ።

ከሁሉም የሚያናድደው የኬብል አሠራር ነው፤ ጥፋቱ የሚሠራ ይመስላላ! ጀማሪው ሽቦዎቹን ፈትቶ ብርቱካናማውን ከነነጩ፣ አረንጓዴውን ከነነጩ፣ ሰማያዊውን ከነነጩ፣ ቡናማውን ከነነጩ በተርታ ይደረድርና በሌላኛውም ጫፍ ያንኑ ይደግማል። «ሁለቱ ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ ቀለሙ ምን አገባው?» ባይ ነው። ቴስተሩም (የኬብል መፈተሻው) ከ1 እስከ 8 በተራ ያበራለታል። ላፕቶፑ ይገናኛል፣ ፒንግም (መስመሩን የሚፈትሸው አጭር መልእክት) ይመለሳል። ትልቅ ፋይል መገልበጥ ሲጀምር ግን ፍጥነቱ ይወርዳል፣ መስመሩም ይቆራረጣል። ያኔ መጀመሪያ ራውተሩ ይወቀሳል፣ ቀጥሎ ዊንዶውስ፣ በመጨረሻ ስዊቹን የሸጠው የመርካቶ ነጋዴ።

ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙት ለጌጥ አይደለም። በአንድ ጥንድ ሁለት ሽቦዎች ላይ ሲግናሉ አንዱ የሌላው ተቃራኒ ሆኖ ስለሚሄድ፣ ከጎረቤት ጥንድ የሚገባው ረብሻ በመጠማዘዙ ምክንያት እርስ በርሱ ይጣፋል። በ100 ሜጋቢት ኢተርኔት አንዱ ጥንድ 1 እና 2 ነው፤ ሌላው ደግሞ 3 እና 6 ነው፤ 3 እና 4 አይደለም። ቀለሙን በተርታ ከደረደራችሁት 3 ላይ ነጭ አረንጓዴ፣ 6 ላይ ሰማያዊ ይቀመጣል፤ አብረው ያልተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች እንደ ጥንድ እንዲሠሩ ተገደዱ ማለት ነው። ርካሹ ቴስተር የሚያየው ሽቦው አለመቆረጡንና ተራውን ብቻ ስለሆነ ይህን አይነግራችሁም። ስዊቹ ግን ይነግራችኋል፤ ፋይል እየገለበጣችሁ «ሾው ኢንተርፌስ» ብላችሁ የሲአርሲ (ተበላሽተው የደረሱ መልእክቶች) ቁጥር እየጨመረ መሆኑን ተመልከቱ።

568ቢ በሚባለው የኬብል ደንብ ትክክለኛው አደራደር ይህ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። የኮኔክተሩን ምላስ ወደ ታች፣ የሽቦ መግቢያውን ወደ እናንተ አድርጋችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ቁጠሩ። ጥምዘዛውን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍቱ። የውጭው ልባስ ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ በመያዣው ካልተነከሰ፣ ኬብሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጎተት ሽቦው ይወጣል። አንድ ጊዜ የተጨመቀ ኮኔክተር ዳግም አያገለግልም፤ ለአንዲት ኮኔክተር ከኮዬ መርካቶ ከመመላለስ ትርፍ መግዛት ይሻላል። ሽቦውንም በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ነው፤ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፤ በኬብሉ ኤሌክትሪክ ለሚልክ ስዊችም አይሆንም።

የሲስኮ ራውተር ኢንተርፌስ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ «ኖ ሻትዳውን» በሉት።

የስዊቹ መብራት ብርቱካናማ ሆኖ ቢቆይ አትደንግጡ፣ ኬብሉንም አትንቀሉ። ስፓኒንግ ትሪ የሚባለው የስዊቹ ጥበቃ ሉፕ (ዞሮ ራሱ ላይ የሚገጥም መስመር) አለመኖሩን እያጣራ ነው፤ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል። በነቀላችሁት ቁጥር ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

መብራት በሚመላለስበት ሰፈር የሠሩትን አለማስቀመጥ ግልጽ ጥፋት ስለሆነ ብዙ አልልም፤ በየደረጃው «ኮፒ ራኒንግ ኮንፊግ ስታርትአፕ ኮንፊግ» በሉ። ሚክሮቲክ የለመደ ሰው እዚህ ይሸወዳል፤ ሚክሮቲክ ራሱ ያስቀምጣል፣ ሲስኮ አያስቀምጥም። አስቀምጣችሁም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉም ባዶ ከሆነ ግን «ሾው ቨርዥን» ብላችሁ የመጨረሻውን መስመር አንብቡ። 0ኤክስ2142 የሚል ከሆነ፣ የድሮውን ፓስወርድ ለማለፍ ሬጂስተሩን (ራውተሩ ሲነሳ ምን እንደሚያነብ የሚወስነውን ቁጥር) የቀየረ ሰው ሳይመልሰው ረስቶታል። ራውተሩ የተቀመጠውን ፋይል እያየ ይዘለዋል። ወደ 0ኤክስ2102 መልሱት። መብራት ሲሄድ ደግሞ ዲቫይደሩን አጥፉ፤ የኃይል ሳጥኑን የሚያቃጥለው ብዙውን ጊዜ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው።

ሌላው ጊዜ የሚበላ ስህተት የመመለሻ መንገድ መርሳት ነው። በራውተር አንድ በኩል 10.10.1.0/24፣ በራውተር ሁለት በኩል 10.10.2.0/24፣ በመካከላቸው 10.10.12.0/30 አለ እንበል። ጀማሪው ራውተር አንድ ላይ ብቻ ስታቲክ ሩት (በእጅ የሚጻፍ መንገድ) ይጽፍና ከራውተሩ ሆኖ 10.10.2.10ን ፒንግ ያደርጋል። ይመለሳል። ከኮምፒውተሩ ይሞክራል፤ አይመለስም። «ስለዚህ ኮምፒውተሩ ነው» ብሎ ኔትወርክ ካርዱን ሲነካካ ያመሻል። ካርዱ ደህና ነው። ራውተሩ ፒንግ ሲያደርግ ላኪ አድራሻው 10.10.12.1 ስለሆነ ራውተር ሁለት በቀጥታ ያውቀዋል፤ 10.10.1.0ን ግን አያውቀውም፤ መልሱ ደርሶ እሱ ጋ ይጣላል። ከራውተሩ ስትፈትሹ «ፒንግ 10.10.2.10 ሶርስ 10.10.1.1» በሉ፤ ውሸቱ ወዲያው ይጋለጣል። መንገዱ በሁለቱም በኩል ተሟልቶ አሁንም እምቢ ካለ የዊንዶውስ ፋየርዎል ፒንጉን እየጣለ ይሆናል። የመጀመሪያዋ ፒንግ ብቻ ብትጠፋ ግን ኤአርፒ (የተቀባዩን የካርድ አድራሻ ፍለጋ) ነው፤ እለፏት።

ላቡን ከቤቱ ኢንተርኔት ጋር ስታገናኙ 192.168.1.0ን አትጠቀሙ፤ የብዙ ቤት ራውተር የሚሠራበት እሱ ነው። ዲኤችሲፒ (አይፒ አድራሻ በራሱ ማደል) ስትለማመዱማ ከቤቱ ራውተር ጋር የሚያገናኘውን ኬብል ጨርሶ ንቀሉት። አለበለዚያ የቤተሰቡ፣ ዋይፋዩን በጋራ የምትከፍሉም ከሆነ የጎረቤቱ ስልክ ሁሉ ከእናንተ ራውተር የተሳሳተ ጌትዌይ (መውጫ አድራሻ) ይቀበላል፤ ኢንተርኔት ጠፋ ተብሎ በራችሁ ይንኳኳል።

ፓኬት ትሬሰር የሚባለው የኔትወርክ ማስመሰያ ፕሮግራም ለትንሽ ላፕቶፕ ይበቃል፤ በእሱ መማር አያሳፍርም። ጂኤንኤስ3 በሚባለው ሌላ ፕሮግራም ላይ የሲስኮ ራውተር አስነስታችሁ ላፕቶፑ እንደ ምድጃ ከጋለ አይድል ፒሲ የሚባለውን ዋጋ አላስገባችሁም፤ ያለ እሱ አንድ ራውተር ሥራ ሳይኖረው የፕሮሰሰሩን ኮር ሙሉ በሙሉ ይይዛል።

ያገለገለ ስዊች ሲመጣ «ራይት ኢሬዝ» (የተቀመጠውን አጥፋ) ብሎ ንጹሕ ሆነ ማለት ጅልነት ነው። ቪላኖቹ (ስዊቹ የተከፋፈለባቸው ኔትወርኮች) ፍላሹ ውስጥ ለብቻቸው፣ ቪላን ዶት ዳት በሚባል ፋይል ይቀመጣሉና እሱንም «ዲሊት» አድርጉና ሪሎድ በሉ። ይህን ሳታደርጉ በትረንክ (የብዙ ቪላኖችን ትራፊክ በሚያሳልፍ መስመር) ካገናኛችሁት፣ የቪቲፒ (ስዊቾች የቪላን ዝርዝር የሚለዋወጡበት ዘዴ) ዶሜን ስሙና ፓስወርዱ ገጥሞ የሪቪዥን (የለውጥ) ቁጥሩ ከእናንተ ከበለጠ፣ የእናንተን ቪላኖች አጥፍቶ የራሱን ይጭናል። በተለይ ሁሉም ሰው «ላብ» የሚል ስም በሚሰጥበት የማሠልጠኛ ክፍል ይህ በቀላሉ ይደርሳል። ትረንኩን ከመሰካታችሁ በፊት «ሾው ቪቲፒ ስታተስ» በሉ፤ ሪቪዥኑ 0 ካልሆነ ሞዱን ወደ ትራንስፓረንት ቀይሩት፣ ከዚያ ሰኩት።