የማስያዣ አዝራር ሲነካ ምላሽ ካጣ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለሚገኝ ማረፊያ የክፍል ማስያዣ ገጽ የሚሠራ ፕሮግራመር፣ «ክፍል ይያዙ» የሚለው አዝራር ሲነካ ዝም ቢልና ኮንሶሉም (ብራውዘሩ የኮዱን መልእክቶች የሚያሳይበት መስኮት) ስህተት ባያሳይ፣ ኮዱን ማፍረስ ከመጀመሩ በፊት ሊስነሩ (እንደ ንኪ ያለ ክስተት ማለትም ኢቨንት ሲከሰት የሚሠራው ኮድ) በአዝራሩ ላይ መመዝገቡን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ክሮም ላይ ኤፍ 12ን ተጭኖ አዝራሩን በኤለመንትስ ውስጥ (የገጹ ክፍሎች ማለትም ኤለመንቶች በሚዘረዘሩበት ትር) ከመረጠ በኋላ «ኢቨንት ሊስነርስ» የሚለውን ትር ይክፈት፤ ፋየርፎክስ ደግሞ ሊስነር ካለው ኤለመንት አጠገብ «ኢቨንት» የሚል ምልክት ያሳያል። የክሮሙ ትር የወላጅ ኤለመንቶችንም (አዝራሩን በውስጣቸው የያዙትን) ሊስነሮች አብሮ ሊዘረዝር ስለሚችል፣ «አንሴስተርስ» ከሚለው ሳጥን ላይ ምልክቱን ማንሳት ያስፈልጋል።

በዝርዝሩ ውስጥ «ክሊክ» ከሌለ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የክፍሎቹ ዝርዝር ከሰርቨር ዘግይቶ መምጣቱና ሊስነሩን የሚመዘግበው ኮድ አዝራሩ ከመፈጠሩ በፊት መሥራቱ ነው። መፍትሄው ሊስነሩን ከገጹ በማይጠፋ ወላጅ ላይ መመዝገብና የተነካውን አዝራር በኢቨንቱ «ታርጌት» (የተነካውን ኤለመንት በሚጠቁመው መረጃ) መለየት ነው።

ሊስነሩ ተመዝግቦ እያለ ዝምታው ከቀጠለ፣ በክሮም ኮንሶል «ሞኒተር ኢቨንትስ» ለተባለው፣ ኢቨንቶችን እየተከታተለ ለሚያትመው ትዕዛዝ የተመረጠውን ኤለመንትና «ክሊክ» የሚለውን ስም ሰጥቶ አዝራሩን መንካት ነው። ምንም ካልታተመ ብዙውን ጊዜ ንኪው አዝራሩ ጋ አልደረሰም ማለት ነው፤ አዝራሩን የሸፈነ ግልጽ ንጣፍ አለ ወይ የሚለው በቀኝ ጠቅታ «ኢንስፔክት» ሲባል ይታወቃል፤ ንጣፉ ለዕይታ ብቻ ከሆነ በሲኤስኤስ «ፖይንተር ኢቨንትስ»ን «ነን» ማድረግ ይበቃል። ከታተመና ሥራው ግን ካልተሠራ፣ በሶርስስ (የኮዱ ትር) ውስጥ ካሉት የኢቨንት ብሬክፖይንቶች (ኮዱን የሚያስቆሙ ነጥቦች) የማውስን «ክሊክ» መምረጥ ይገባል፤ ኮዱ በየሊስነሩ መጀመሪያ ላይ ስለሚቆም፣ በመንገድ ላይ «ስቶፕ ፕሮፓጌሽን» ብሎ ኢቨንቱን ከወላጁ ያስቀረው መስመር ይገኛል። በየቦታው «ኮንሶል ሎግ» የሚለውን የማተሚያ ትዕዛዝ ከመበተን ይህን አጥብቄ እመርጣለሁ፤ ሌላ ሰው የጻፈውን ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ጭምር ያሳያልና።

አንድ ንኪ ለአንድ እንግዳ ሁለት ክፍል ካስያዘስ? አብዛኛውን ጊዜ የማስያዣው ቅጽ በተከፈተ ቁጥር ስም የለሽ ፈንክሽን በአዲስ ሊስነርነት ስለሚመዘገብ ነው። ብራውዘሩ ያንኑ ፈንክሽን ለዚያው ኢቨንት ደግሞ አይመዘግብም፤ ስም የለሹ ግን በተፈጠረ ቁጥር ሌላ ነው። ስለዚህ ፈንክሽኑን ከውጭ በስም ጽፎ ያንኑ ማስመዝገብ ይገባል።

ገጹ ራሱ ተመልሶ ከተጫነ አዝራሩ ቅጹን እየላከ ስለሆነ፣ በቅጹ «ሰብሚት» (የመላኪያ ኢቨንት) ላይ የብራውዘሩን የተለመደ ሥራ የሚያስቀረውን «ፕሪቨንት ዲፎልት»ን መጥራት በቂ ነው፤ መልእክቶቹም እንዳይጠፉ በኮንሶሉ «ፕሪዘርቭ ሎግ» አስቀድሞ ይበራ።