የጀልባ ተሳቢ ከግቢ ስታስወጡና ስታስገቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜሪላንድ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ቼሳፒክ ቤይ ላይ ዓሣ ለማጥመድ የምንወጣ አራት ጓደኛሞች ነን። ሁላችንም ጀልባችንን የምናቆመው ቤታችን ፊት ለፊት ነው። እስካሁን ጀልባዎቻችን ውሃ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት ደርሶባቸው አያውቅም። የሚጎዱት ሁሌ አንድ ቦታ ነው፤ ከአስፋልቱ እስከ ቤቱ ግድግዳ ባለችው 15 ሜትር ላይ። የአጥር ቋሚ፣ የፖስታ ሳጥን፣ ፕሮፔለር፣ የጎረቤት ሳር፣ ሁሉም የተበላሹት እዚያች ላይ ነው። ብዙ ሰው ችግሩ ወደኋላ መንዳት አለመቻል ይመስለዋል። እኔ እንደታዘብኩት ግን አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው የኋላ ማርሽ ከመግባቱ በፊት ነው።

ሳይወርዱ መጀመር

ከመካከላችን አንዱ ትራክ ነጂ ነው። 53 ጫማ ተሳቢ እየጎተተ ከስቴት ስቴት ይዞራል። የመጀመሪያ ቀን ጀልባዬን ሊያስገባልኝ ሲመጣ መሪ ከመያዙ በፊት ግቢውን ሁለት ጊዜ በእግሩ ዞረው። ትራክ ስንማር አጥብቀው የሚነግሩን «ውረድና እይ» የሚለውን ነው አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አየ። እኔ እስከዚያ ቀን ወደ ላይ አይቼ አላውቅም። የዛፉ ቅርንጫፍ፣ ወደ ቤት የሚገባው የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የጣሪያው አሸንዳ፣ ሁሉም ከጀልባው አንቴና ጋር የሚገናኙ ነበሩ። ጀልባ ተሳቢ ላይ ሲጫን ከፍታው ከምታስቡት በላይ ነው።

መሬቱም የራሱ ጣጣ አለው። ሳሩ ውስጥ የውሃ ቆጣሪ ክዳን፣ የፍሳሽ ቱቦ አፍና የሳር ማጠጫ ቧንቧ ይኖራሉ። እኔ አሁን እነዚህ አጠገብ የልጆቼን የእግር ኳስ ልምምድ ኮኖች አቆማለሁ። ከሹፌር ወንበር ላይ ሆናችሁ ክዳን አይታያችሁም፣ ብርቱካናማ ኮን ግን ይታያችኋል።

በማይታያችሁ በኩል መግባት

አሜሪካ ውስጥ ሹፌር የሚቀመጠው በግራ ነው። ተሳቢው ወደ ግራ ሲታጠፍ አንገታችሁን በመስኮት አውጥታችሁ ጎማውን ታዩታላችሁ። ወደ ቀኝ ከታጠፈ ግን በቀኝ ስፖኪዮ የምታዩት የጀልባውን ጎን ብቻ ነው፤ ጥጉ ይሰወራል። ስለዚህ ቤታችሁ በግራችሁ እንዲሆን አድርጋችሁ ኑ። ለዚህ ሲባል ሰፈሩን አንድ ዙር መዞር ቢያስፈልግ ዙሩት፣ ሁለት ደቂቃ ነው። ይህ እንግዲህ መኪና ለማይበዛበት የሰፈር ጎዳና ነው።

መሪውን ማብዛት

የመሪውን ታችኛውን ጫፍ በአንድ እጅ ያዙ። የተሳቢው ኋላ ወደ ግራ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ እጃችሁን ወደ ግራ ውሰዱ፣ ወደ ቀኝ ከሆነም ወደ ቀኝ። ይህቺን ስታውቁ «በተቃራኒው ነው» እያላችሁ አእምሯችሁን ማስጨነቅ ይቀራል።

ቀጥሎ ያለው ከባዱ ነው፤ ትንሽ ማዞርና መጠበቅ። ትራክ ነጂው ጓደኛዬ የእኔን ጀልባ ሲያስገባ የገረመው ይህ ነበር። የእሱ 53 ጫማ ተሳቢ ቀስ ብሎ ነው የሚታጠፈው፣ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። አጭር ተሳቢ ግን መሪውን ነካ ስታደርጉት ወዲያው ይታጠፋል። ብዙ ካዞራችሁ መኪናውና ተሳቢው እንደ ሰንጢ ይተጣጠፋሉ፣ የመኪናው ጥግና የተሳቢው ብረት ይገናኛሉ። አንዴ ከልክ በላይ መታጠፍ ከጀመረ ወደኋላ እየሄዱ መሪ በማዞር ላድነው ማለት አይሠራም። አቁሙ። ወደፊት ወጣ በሉና አቅኑት፣ ከዚያ እንደገና ጀምሩ። አምስት ጊዜም ቢሆን ውጡ። የሚቸኩል ጎረቤት ካለ ይጠብቅ።

ለልምምድ እሑድ ባዶ የሆነ ሰፊ ፓርኪንግ ፈልጉ። አንድ ሰዓት እዚያ መለማመድ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ደጃፍ ላይ ከመጨነቅ ያድናል።

ሁሉም ሰው ረዳት ሲሆን

ይህ የእኛ የሐበሾች ስህተት ነው ብዬ በሙሉ ልቤ እናገራለሁ። ጀልባ ሊገባ ነው ሲባል ቤት ያለው ሰው ሁሉ ይወጣል። «ና ና ና! ቁረጥ! ኧረ ቁረጥ! መልስ! መልስ እንጂ!» አንዱ ግራ ሲል ሌላው ቀኝ ይላል። ሁሉም በፍቅር ነው፤ ሹፌሩ ግን ይደናገራል።

ተሳቢ ላይ «ቁረጥ» የሚለው ቃል ራሱ ችግር አለበት። መሪው የሚቆረጠው በአንድ በኩል ነው፣ ተሳቢው የሚሄደው በሌላ በኩል። ረዳቱ መሪውን ማለቱ ይሁን ተሳቢውን ማለቱ አይታወቅም። ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተስማማን። እሷ ስለ መሪ አንድም ቃል አትናገርም። የጀልባው ኋላ የት መሄድ እንዳለበት ብቻ ትነግረኛለች፤ «ወደ ጋራዡ»፣ «ወደ ዛፉ»፣ «ቁም»። ሌላ የለም። የምትቆመው ደግሞ በስፖኪዮ በማያት ቦታ ነው። ካጣኋት ወዲያው ፍሬን እይዛለሁ። ልጆቹ በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ ናቸው፣ በሩም ዝግ ነው። በዚህ ነገር አንደራደርም። ጀልባ ከኋላው ቆሞ መኪናው ላይ ያለው ካሜራ አይረዳም፣ የሚያሳየው የተሳቢውን አፍንጫ ብቻ ነው።

የማይገጥም ኳስ

መኪናው ኋላ ላይ ተሳቢው የሚገጠምበት የብረት ኳስ (ሂች ኳስ) መጠኑ አናቱ ላይ ተቀርጿል። ተሳቢው ላይ ያለው መያዣም መጠኑ ተጽፎበታል። ሁለቱን አንብቡ። 2 ኢንች መያዣ 1 ከ7/8 ኢንች ኳስ ላይ ሲቀመጥ የገባ ይመስላል፣ ቁልፉም ይዘጋል። ከዚያ ከግቢ ወጥቶ የአስፋልቱን ጠርዝ ሲዘል ብድግ ብሎ ይላቀቃል።

እኔ ከቆለፍኩ በኋላ የተሳቢውን ክሪክ መልሼ ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ። የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ ይዟል ማለት ነው። ክሪኩን አጥፌ ሰንሰለቶቹን ከመያዣው በታች አጠላልፌ አስራለሁ። ተሳቢው ቢላቀቅ እንኳ አፍንጫው አስፋልት ላይ ሳይሆን ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። መጨረሻ መብራቱን እሰካና ፍሬቻውንና የፍሬን መብራቱን አያለሁ።

ሞተሩን ሳያነሱ መንቀሳቀስ

ክረምቱን ሞተሩ ወደታች ዝቅ ብሎ መቆም አለበት፣ ውስጡ የቀረ ውሃ እንዲወርድና በረዶ ሆኖ እንዳይሰነጥቀው። እኔም እንደዚያ አድርጌ ነበር። ጸደይ ሲመጣ ግን ማንሳቱን ረሳሁ። ግቢዬ ከአስፋልቱ ጋር ሲገናኝ ትንሽ ጎድጎድ ይላል። የመኪናው ጎማ እዚያ ወርዶ ወደ ላይ ሲወጣ የተሳቢው አፍንጫ ይነሳል፣ የጀልባው ኋላ ደግሞ ይወርዳል። አንድ ረጅም የብረት ፍጭት ሰማሁ። ወርጄ ሳይ ከፕሮፔለሩ በታች ያለችው የሞተሩ ክንፍ ጫፏ ተቆርሶ የአሉሚኒየሙ ነጭ ሆድ ወጥቷል፣ ኮንክሪቱም ላይ ክንድ የሚያህል ጭረት ቀርቷል። ያቺን ጭረት አሁንም በየቀኑ አያታለሁ።

ዳገት ላይ የሚይዝ ፍሬን

ብዙ የጀልባ ተሳቢዎች ፍሬናቸው የሚሠራው በግፊት ነው። መኪናው ሲቀንስ ተሳቢው ከኋላ ይገፋዋል፣ ያ ግፊት ፍሬኑን ያሲዘዋል። ወደኋላ ዳገት ስትገፉት ግን ተሳቢው ልዩነቱን አያውቅም፣ ይይዛል። ሰው ያልተረዳው እንደሆነ ነዳጅ ይጨምርበታል፤ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ኮንክሪቱ ይጠቁራል። መፍትሔው አምስተኛዋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ናት። መኪናው የኋላ ማርሽ ሲገባ በእሷ በኩል ምልክት ይደርስና ፍሬኑ ይለቀቃል። የመኪናችሁ ሶኬት ባለ አራት ከሆነ ያቺ ሽቦ የለችም ማለት ነው፤ አስገጥሙ። አሮጌዎቹ ላይ ፍሬኑ እንዳይዝ በእጅ የምትገባ መወርወሪያ ትኖራለች። ከተጠቀማችሁባት አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት አውጧት።

ሲወጡ ቶሎ መታጠፍ

መውጣት ቀላል ስለሚመስል ሰው ይዘናጋል። የተሳቢ ጎማ የመኪናውን ዱካ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ የቀኙን የአጥር ቋሚ ወይም የፖስታ ሳጥኑን ይዞ ይሄዳል። ከጎማው ኋላ የተንጠለጠለው ሞተር ደግሞ ወደ ግራ ይወረወራል። የተሳቢው ጎማ ቋሚውን እስኪያልፍ ድረስ ቀጥ ብላችሁ ውጡ።

ታኮ ሳያደርጉ መፍታት

መጀመሪያ ታኮ፣ ከዚያ መፍታት። በሁለቱም ጎማ፣ ከፊትም ከኋላም። ጠፍጣፋ የሚመስል ግቢ ጠፍጣፋ አይደለም፣ መኪናው ፊት ሲል ተሳቢው መንከባለል ይጀምራል። የሚንከባለል ተሳቢ በእጅ ልያዘው ብላችሁ መሐል አትግቡ። ይሂድ። አጥር ቢሰበር ይሠራል።

ሳር ላይ የምታቆሙ ከሆነ ከጎማውና ከክሪኩ በታች ወፍራም ጣውላ አንጥፉ። ዝናብ ካባራ ሦስት ቀን ያላለፈው ሳር ላይ እኔ አልገባም። ደግሞ አንዳንድ ሰፈር የነዋሪዎች ማኅበሩ ጀልባ ከቤት ፊት ማቆምን ይከለክላል፤ ሳትገዙ በፊት ደንቡን ጠይቁ።

ቡሹን ዘግቶ ማቆም

ክፍት ጀልባ ገንዳ ነው፤ ኋላው ታች ያለው የውሃ መውጫ ቀዳዳ በቡሽ ከተዘጋ ዝናቡ ውስጡ ይቀራል። 5 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ጀልባ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 250 ሊትር ውሃ ነው፤ 250 ኪሎ። ጎማውም ኩሽኔታውም የሚሸከሙት ያንን ነው። ስታቆሙ አፍንጫውን በክሪክ ከፍ አድርጉና የኋላውን ቡሽ ንቀሉ። ውሃ ላይ ስወርድ መልሼ መዝጋቱን እንዳልረሳ የነቀልኩትን ቡሽ ከጀልባው የሞተር ቁልፍ ጋር በገመድ አስሬዋለሁ። ሞተር ላስነሳ ቁልፉን ሳወጣ ቡሹም አብሮ እጄ ላይ ነው።