የፋሲካ የጥንቸል ቦርሳ ስትሰፉ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለፋሲካ ለልጅ የሚሰጥ ትንሽ የጥንቸል ቦርሳ ሲያዩት ቀላል ነው። ሁለት የውጭ ጨርቅ፣ ሁለት ገበር፣ ሁለት ጆሮና ማንጠልጠያ፤ በቃ። አብዛኛው ስህተት ግን የሚሠራው የስፌት መኪናው ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ስትለኩና ስታሰናዱ ነው። የሚታወቀው ደግሞ ቦርሳው ተገልብጦ ሲወጣ ነው። ያኔ ያለው አማራጭ መተርተር ብቻ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ልኮች ስፋቱ 20፣ ቁመቱ 22 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ለሚቆረጥ ቦርሳ ናቸው። የስፌት ትርፉ ዙሪያውን 1 ሴ.ሜ ነው። ከታች ሁለቱ ማዕዘኖች በአግድም ተሰፍተው የሚወጣ 4 ሴ.ሜ ስፋት ያለው መቀመጫ አለው።

ጨርቁን ሳያጥቡ መቁረጥ

ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይገባል፣ ማለትም ያጥራል። ውጩ ጥጥ፣ ገበሩ ፖሊስተር ከሆነ አንዱ ገብቶ ሌላው እንዳለ ይቀራል፤ የቦርሳው አፍ ይሸበሸባል። አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ተኩሳችሁ ቁረጡ። ደማቅ ቀለም ከነጭ ጋር የምታጣምሩ ከሆነም ቀለም የሚለቅ መሆኑን ያኔውኑ ታያላችሁ።

ፊቱን በተቆረጠው ጨርቅ መሃል ላይ ማስቀመጥ

ይሄ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። ጨርቁ 22 ሴ.ሜ ስለሆነ መሃሉ 11 ላይ ነው ብላችሁ ዓይንና አፍንጫ ትሠራላችሁ። ቦርሳው ሲያልቅ የጥንቸሏ አፍ ወደ ታች ወርዶ ወደ መቀመጫው ይጠጋል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከላይ 1 ሴ.ሜ በስፌት ይሄዳል። ከታችም 1 ሴ.ሜ ይሄዳል። የመቀመጫው ግማሽ 2 ሴ.ሜ ደግሞ ወደ ሥር ይታጠፋል። ፊት ለፊት የሚታየው 18 ሴ.ሜ ብቻ ነው። ስለዚህ መሃሉ ከላይኛው ጠርዝ 10 ሴ.ሜ ላይ ነው። ወደ ታች አካባቢ ጎኖቹም 2፣ 2 ሴ.ሜ ወደኋላ ስለሚዞሩ ጢሙን ዳር ድረስ አታስረዝሙት።

መላው ቀላል ነው። ስፌቱና ማጠፊያው የሚያርፍበትን መስመር በጠመኔ አስምሩ፤ ፊቱን ከመስመሩ ውስጥ ሳሉ። ዓይኖቹን ደግሞ ከመሃል ትንሽ ዝቅ፣ እርስ በርስም ራቅ አድርጓቸው። ጥንቸሏ ግልገል የምትመስለው ያኔ ነው። ከፍና ጠበብ ካደረጋችኋቸው የተቆጣች ትመስላለች።

ፊቱን በጨርቁ ላይ ጨርሱት እንጂ ቦርሳው ከተገጠመ በኋላ እሠራዋለሁ አትበሉ። እጅ በደንብ አይገባም፣ መርፌውም ገበሩን አብሮ ይይዛል።

ጆሮ ላይ የሚበላሸው

የዚህ ቦርሳ ነገር ሁሉ ጆሮው ላይ ነው። ስህተቱም የሚበዛው እዚያው ነው።

መጀመሪያ አቆራረጡ። ጆሮው ወደ ጎን ዘመም የሚል ቅርጽ ካለው ጨርቁን ደርባችሁ ቁረጡ፤ አንድ ግራና አንድ ቀኝ ይወጣላችኋል። ነጠላውን እየዘረጋችሁ ሁለቴ ከቆረጣችሁ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን የሚያዩ ጆሮዎች ይሆናሉ።

ቀጥሎ ጫፉ። ከተሰፋ በኋላ ትርፉን ጫፉ ላይ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ካላሳነሳችሁ፣ ሲገለበጥ እዚያ ቋጠሮ ይሆናል። ጉብ ያለውን ዙሪያውንም ትንንሽ ሦስት ማዕዘን እያወጣችሁ ቀንሱ፤ ክሩን እንዳትነኩ ብቻ። ጫፉን የምታወጡት በደነዘዘ እንጨት ነው። በመቀስ ጫፍ የሚገፋ ሰው ጆሮውን ሊበሳው ነው።

ከዚያ አቀማመጡ። ጆሮው በውጩ ጨርቅና በገበሩ መካከል ይገባል። ቦርሳው ሲገለበጥ ቆሞ እንዲወጣ አሁን ጫፉ ወደ ታች ነው የሚያየው። ሮዙ ወገን፣ ማለትም የጆሮው የውስጥ ገጽ፣ የት ይሁን? ከውጩ ጨርቅ ፊት ጋር የሚነካካው ሮዙ ነው። ግራ ያጋባል፣ ተደብቆ ስለሚቀመጥ የተሳሳታችሁ ይመስላችኋል። ነገር ግን ጆሮው ወደ ላይ ሲቀና ተደብቆ የነበረው ወገን ነው ፊት ለፊት የሚመጣው። ካላመናችሁ ከመስፋታችሁ በፊት በስፒል ያዙትና ወደ ላይ አጥፋችሁ እዩት።

ጆሮዎቹን ከጎን ጠርዝ 3 ሴ.ሜ አርቋቸው። ጫፎቻቸውንም ወደ መሃል ሰብስባችሁ ከፊቱ ጋር በስፒል አያይዟቸው። እንዲህ ካልሆነ ጎኑ ሲሰፋ አንዱ ጫፍ አብሮ ይያዛል። ረዥም ጆሮ ውስጡ የሚያጠነክረው ጨርቅ ከሌለው ይወድቃል፤ እኔ ግን የወደቀውን እመርጣለሁ።

ቁልፍ ለዓይን

ቆንጆ ነው፤ ግን ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። ቁልፍም ዶቃም ተነቅሎ ወደ አፍ ይገባል፣ ያንቃል። በክር ጥልፉት። ማንጠልጠያውንም አንገት ውስጥ የማይገባ አጭር አድርጉት። ጫፎቹ ላይ ደግሞ መኪናውን ወደኋላ መልሳችሁ ደግማችሁ ስፉ። ልጅ ቦርሳ ይዞ አይሄድም፣ ይጎትተዋል።

ፀጉራም ጨርቅን እንደ ተራ ጨርቅ መቁረጥ

ፀጉሩ በሁሉም ቁራጭ ላይ ወደ ታች ይውረድ። ከጀርባው በኩል፣ በመቀሱ ጫፍ ብቻ፣ መደቡን እንጂ ፀጉሩን ሳትነኩ ቁረጡ።

ገበሩ ላይ መቸኮል

የውጩን መቀመጫ ሠርቶ የገበሩን መርሳት የተለመደ ነው፤ ገበሩ ከታች ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከውጩ ጋር እኩል የተሰፋ ገበርም ውስጥ ይጨማደዳል። አፉ ጋ በ1 ሴ.ሜ ጀምራችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ቀስ በቀስ እስከ 1.3 ሴ.ሜ ግቡ።

መገልበጫውን ክፍተት ሳይተዉ ዙሪያውን መዝጋትም አለ፤ ያጋጠመው ያውቀዋል። ከገበሩ ግርጌ መሃል ላይ 8 ሴ.ሜ ያህል ተዉ። ስትገለብጡ የሚሳበው እዚያ ስለሆነ የክፍተቱን ሁለቱን ጫፎች ደግማችሁ ስፉ። ከተገለበጠ በኋላ ገበሩን ወደ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ክፍተቱን ዝጉት፤ አፉን በካውያ ተኩሱና ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብላችሁ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ስፉበት። የፌልት (ያልተሸመነ ወፈር ያለ ጨርቅ) ጉንጭ ከለጠፋችሁ ካውያው አይንካው። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጣል።