ቢልዲንግ ሶሳይቲ ከመግባታችሁ በፊት የጎንደሩን ካርታ እዩ

ለጥምቀት ጎንደር ገብቼ እረፍት አጣሁ። ወደ እንግሊዝ የሚሄደው ሁሉ፣ ቪዛው የወጣለትም ያልወጣለትም፣ ያንኑ ይጠይቀኛል፦ «ቢልዲንግ ሶሳይቲ ምንድን ነው? ገንዘባችንን አይበሉብንም?» አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ማኅበር ተደራጅቶ አዘዞ ላይ ቦታ እንደመጠበቅ አይደለም። ቤት ሠርተው አይሰጧችሁም። ቁጠባ ይሰበስባሉ፣ በእሱ የቤት ብድር ይሰጣሉ። ባለአክሲዮን የላቸውም፤ ባለቤቱ ቆጣቢውና ተበዳሪው ነው። ብዙ ያለውም ትንሽ ያለውም ድምፁ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1775 በርሚንግሃም፣ መጠጥ ቤት ውስጥ ሲጀመር እንደ እቁብ ነበር፤ አባላቱ ሁሉ ቤት ሲያገኙ ይበተናል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ትልልቆቹ ወደ ባንክነት ተቀየሩ። አንዱ፣ ኖርዘርን ሮክ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ቆጣቢዎቹ ገንዘባቸውን ለማውጣት በሩ ላይ ተሰልፈውበት ወደቀ። ዛሬ ከተቀየሩት ራሱን ችሎ የቆመ የለም። ያልተቀየሩት እነ ፔንሪዝ፣ ቤቨርሊና ዳርሊንግተን ግን በየከተማቸው አሉ። ሕጉ ከብድራቸው ሦስት አራተኛው በመኖሪያ ቤት የተያዘ እንዲሆን ያስገድዳል፤ እንዳሻቸው መቆመር አይችሉም። «ትንሽ ነው፣ ይከስራል» ለምትሉ፦ ከዲሴምበር 2025 ጀምሮ ያስቀመጣችሁት ገንዘብ እስከ 120,000 ፓውንድ ዋስትና አለው፤ ልክ እንደ ባንኩ።

ደሞዝ የሚገባበት ሂሳብ ባንክ ክፈቱ፤ አብዛኞቹ ትንንሾቹ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ የላቸውም። ጥሩነታቸው ማመልከቻችሁን ሰው ማንበቡ ነው። ሁለት ቦታ የሚሠራውን ወይም ታክሲ የሚነዳውን የትልቁ ባንክ ኮምፒውተር ገና ሳያየው ሊጥለው ይችላል። ግን የደሞዝ ወረቀቱን ጥሎ «እመኑኝ» የሚል ሰው እዚህም አይሳካለትም። ወረቀት አስቀምጡ በሉ!

አሁን ወደ ወጥመዱ። አንዳንዶቹ የሚከፍቱት፣ ለመጀመሪያ ቤት መግዣ የሚሆን፣ ላይፍታይም አይሳ የሚባል ቁጠባ አለ። ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 39 ከሆነ ትከፍታላችሁ። በዓመት እስከ 4,000 ፓውንድ ታስገባላችሁ፣ መንግሥት 25 በመቶ ይጨምራል። ደስ ይላል። እኔም ቆጠብኩ። ቤት ልገዛ ስል ሶሊሲተሯ (የቤት ግዢውን የያዘችልኝ ጠበቃ) ፎርም ላከችልኝ፦ በየትኛውም አገር ቤት ወይም የቤት ድርሻ ኖሮህ ያውቃል? አባታችን ሲሞት የአዘዞው ቤት በአራታችን ስም ዞሯል። ሳሎን እንኳ የማትሞላ ሩብ ድርሻ! እሷ በቃች፤ «የመጀመሪያ ቤት ገዢ» አይደለህም ተባልኩ። ሂሳቡን ስከፍት ያስተናገደችኝ ሠራተኛ ስለዚህ ትንፍሽ አላለችም።

የመጀመሪያ ቤት ሳትገዙበት ካወጣችሁት ደግሞ ቅጣቱ የሚሰላው መንግሥት የጨመረውን ቦነስ ጨምሮ ነው። 4,000 አስገባችሁ፣ 5,000 ሆነ፣ ሩቡ ይቆረጣል፣ 3,750 ትወስዳላችሁ። ከኪሳችሁ 250 ሄደ። ሳይቀጡ ለማውጣት ወይ 60 ዓመት መሙላት ወይ ለሞት መታመም ነው። እኔ ይህን ሌብነት ነው የምለው፤ እነሱ ደንብ ይሉታል።

ድርሻዬን ለእህቴ እሰጣለሁ ማለትም አያዋጣም፤ ጥያቄው «አለህ?» ሳይሆን «ኖሮህ ያውቃል?» ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ቤተሰብ ጠይቁ፦ ስሜ ያለበት ካርታ አለ? ካለ ተራውን ቁጠባ ክፈቱ። ቦነስም ቅጣትም የለውም።

ብቻ «90 ቀን ቀድመህ አሳውቅ» የሚለው ሂሳብ ውስጥ ሁሉንም አትክተቱ። ወለዱ ሻል ይላል፤ ግን እናት ታመመች ተብሎ ከጎንደር ሲደወል ማን 90 ቀን ይጠብቃል?