የመጀመሪያ ሞተርህን ልትገዛ ነው? ቁመቱን እይ መጀመሪያ

አቦ ሰሞኑን እዚህ ድሬ መንዳት ሳይለምድ ትልቅ ሞተር የሚያማርጥ ልጅ በዛ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም። ለጀማሪ ከ100 እስከ 150 ሲሲ (የኢንጂኑ መጠን) ይበቃል፣ ከከዚራ ሳቢያን ለመመላለስ 250 ምን ያደርግልሃል? ከሲሲው በፊት ግን ቁመቱን እይ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለህ ሁለቱም እግርህ መሬት በደንብ ካልረገጠ ተወው፣ ምክንያቱም ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሲበር ሳይሆን ቀስ ብሎ ሊያዞር ወይ ሊቆም ሲል ነው፣ ባጃጅ ድንገት ፊትህ ቆሞ ሰው ሲያወርድ የምትደገፈው እግርህን ነው። እንደ ቦክሰር ያለ ቀለል ያለ ሞተር ቢወድቅም ብቻህን ታነሳዋለህ።

ያገለገለ ከሆነ ጠዋት ሄደህ ሳይሞቅ ራስህ አስነሳው፣ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ ጠርጥር (እኔ እንደዛ ተሸውጄ ስንት ጠዋት ገፍቼ አስነስቻለሁ)። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ሞተሩ ላይ ከተመታው ጋር ካልገጠመ ደግሞ በነጻ ቢሰጡህም እንዳትነካው።

ሄልሜት ሙቀቱ አይቻልም ብለህ እንዳትተው፣ ብር ካጠረህ ከሞተሩ ቀንስ። አሸዋ ላይ የፊት ፍሬን አትያዝ፣ ደቻቱ አካባቢ የነዳ ያውቀዋል። ወደ ሐረር የሚወስደው የደንገጎ ተራራ መንገድ ደግሞ ይቆይህ፣ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ሳይሆን ማርሽ ቀንሶ መውረድ እስክትለምድ ድረስ ሐረር በሚኒባስ ሂድ።