አዲስ ፌንጣ አገኘን ከማለታችሁ በፊት፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለው ቤቴ መጣ። ባዮሎጂ የተማረ የጎንደር ልጅ ነው፤ ለሥራ ካፋ ሄዶ ከርሟል። በእጁ የብስኩት ቆርቆሮ ይዟል። ገና ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ አዲስ ዝርያ ሳላገኝ አልቀረሁም» አለኝ። ክዳኑን ስከፍተው ቀድሞ የወጣው ሽታው ነው። ባለቤቴ ቡና እየቆላች ስለነበር እኛንም ቆርቆሮውንም ወደ በረንዳ አባረረችን።

ስለየትኛው ፌንጣ እንደማወራ ላስረዳ። አንቴናው ከሰውነቱ የሚረዝመው፣ ቅጠል የሚመስለው፣ ማታ ማታ የሚዘፍነው ነው። ሴቷ ጭራዋ ላይ እንደ ጎራዴ ያለ እንቁላል መጣያ አላት። ጆሮው ያለው ደግሞ ጭንቅላቱ ላይ አይደለም፤ የፊት እግሩ ላይ፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ነው። የጤፍ ገበሬ ከዚህ ቤተሰብ አንዱን በደንብ ያውቀዋል፣ ደገዛ ይለዋል። በዓለም ላይ ከ8,000 በላይ ዝርያዎቹ ስም ወጥቶላቸዋል። ገና ያልተሰየሙ እንዳሉም የታወቀ ነው፤ በተለይ በሐሩር ዝናባማ ደኖች። ስለዚህ የልጁ ተስፋ ከንቱ አልነበረም። ችግሩ ቆርቆሮው ውስጥ ነበር።

«ኢንተርኔት ላይ አጣሁት»

ይሄ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ጎግል ላይ ፎቶው የለም ማለት አዲስ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ዝርያ ከመቶ ዓመት በፊት በላቲን ወይም በጀርመንኛ በጥቂት መስመር ተጽፎ፣ ናሙናው አውሮፓ ሙዚየም ውስጥ መሳቢያ ገብቶ ተቀምጧል። የእኛ አገር ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ጥንት የተሰበሰበው ናሙና ሌብሉ ላይ «አቢሲኒያ» ብቻ ተብሎ ይገኛል። ሰሜን ይሁን ካፋ፣ በረሃ ይሁን ደጋ፣ ወደፊትም የሚያውቀው የለም።

መጀመሪያ የሚኬደው የፌንጣና የአንበጣ ዝርያዎች ሁሉ ወደተመዘገቡበት የኦርቶፕቴራ የዝርያዎች መዝገብ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ከዚያ የጂነሱን፣ ማለትም የቅርብ ዘመዳሞቹን ምድብ፣ አባላት በሙሉ አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። አሰልቺ ነው። ግን ሌላ መንገድ የለውም።

በተቃራኒውም መሳሳት አለ። «ገበሬው ያውቀዋል፣ ስለዚህ አዲስ አይደለም» የሚሉ አሉ። ደገዛ ሳይንሳዊ ስም ያገኘው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዴክቲኮይደስ ብሬቪፔኒስ ተባለ። ከዚያ በፊት ጤፍ ሲበላ ያየው ገበሬ ስም አላጣለትም።

የሌብሉ ነገር

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ ሰው ከሁሉ በላይ የሚወድቀው እዚህ ነውና። ልጁ ቆርቆሮው ውስጥ ከጨመራት ቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲህ ይላል፦ «ቦንጋ፣ 12/2/2017፣ 3፡00 ሰዓት»።

ለእኔና ለእሱ ግልጽ ነው። ጥቅምት 12 ቀን፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። አሁን ይህችን ወረቀት ጀርመን ላለ ሰው ስጡት። የካቲት ወር፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ ታኅሣሥ ይለዋል። ዓመቱም ቢሆን 2017 ሳይሆን 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ዝናቡ ገና ሳይጠፋ የተያዘ ነፍሳት በበጋ እንደሚወጣ ተደርጎ ሊጻፍ ነው። በምሽት የሚዘፍነው ንጋት ሲቃረብ ይዘፍናል ሊባል ነው።

ሕጋችን እንኳ ሁለት ቁጥር አለው። የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀም አዋጁ በአማርኛ 482/1998 ነው፣ በእንግሊዝኛ 482/2006። ያው አንድ አዋጅ ነው።

ስለዚህ ወሩን በቁጥር አትጻፉ፤ በስሙ ጻፉት። የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጨምሩ። ሰዓቱን በ24 ሰዓት አድርጉት፣ 21፡00 ብላችሁ። «ቦንጋ» ደግሞ ከተማ ነው፤ ፌንጣው የተያዘው አስፋልት ላይ ካልሆነ በቀር አይበቃም። ከስልካችሁ ላይ መጋጠሚያ ነጥቡንና ከፍታውን ገልብጡ። የተያዘበትን ዛፍ፣ ከመሬት ያለውን ርቀት፣ የያዘውን ሰው ስም ጨምሩ። በእርሳስ ጻፉት። እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይሟሟል። ይህንንም ቤት ገብቼ እጽፋለሁ አትበሉ። ጽሑፍ ኋላ ይታረማል፤ የዚያን ሌሊት ዝርዝር ግን ከየት ታመጡታላችሁ?

አረንጓዴው የት ሄደ?

ልጁ «ደማቅ አረንጓዴ ነበር፣ ክንፉ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ነበረው» ብሎ ይምላል። እኔ የማየው ግን የደረቀ ገለባ የመሰለ ነገር ነው፤ ሆዱ ጠቁሯል። ፌንጣ ሲሞት አረንጓዴው ይጠፋል፤ አልኮል ውስጥም ይለቃል። ትልልቆቹ ደግሞ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ቅጠል ሲበሰብስ ሰውነታቸውን ይዞት ይሄዳል። የሱ ናሙና ላስቲክ ውስጥ ታጥፎ በአውቶቡስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። ምን ይጠበቃል?

በሕይወት እያለ ፎቶ አንሱት፤ ከጎን፣ ከላይ፣ ፊቱን፣ ከአጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ። ከዚያ ሆዱን ከሥር በቀጭኑ ሰንጥቆ አንጀቱን አውጥቶ ጥጥ መጠቅጠቅ ነው። ዶሮ ላገላበጠ ሰው ከባድ አይደለም። ከመድረቁ በፊት አንድ እግር ቆርጣችሁ 96 ፐርሰንት አልኮል ውስጥ አኑሩ፤ ለዲኤንኤ ይሆናል። ሲደርቅ ጉንዳን የማይደርስበት ቦታ ስቀሉት።

ቀለሙን ብቻ ይዞ አዲስ ነው ማለትም አያስኬድም። ቅጠል የሚመስሉት ፌንጣዎች እኮ በአንድ ዝርያ ውስጥ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቡናማ፣ አልፎ አልፎም አንዱ ሮዝ ሆኖ ይወጣል።

ኩብኩባና ብቸኛዋ ሴት

ከቆርቆሮው አራት ፌንጣ ወጣ። ሦስቱ ክንፍ ያላወጡ ኩብኩባ ናቸው። አራተኛዋ ሴት ናት። ወንድ የለም።

ኩብኩባ ይዞ ዝርያ መግለጽ ማለት ሕፃን አይቶ ጎረምሳ ሲሆን ጢሙ ምን እንደሚመስል እንደመናገር ነው። ሴት ብቻዋን ደግሞ ግማሽ ወሬ ናት። በዚህ ቤተሰብ ዋናው መለያ ብዙ ጊዜ ወንዱ ላይ ነው። አንደኛው ጭራው ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት መቆንጠጫዎች ቅርጽ ነው። ሁለተኛው መዝፈኛው ነው። ከግራ ክንፉ ሥር እንደ ሞረድ ጥርስ ያለው መስመር አለ፤ የቀኝ ክንፉ ጠርዝ እሱን ሲፍቀው ድምፅ ይወጣል። የሞረዱ ጥርስ ብዛትና አቀማመጥ ይቆጠራል፣ ይለካል።

ዘፈኑንም ቅዱ። ግን በስልክ ቀድቶ «ዝም ያለ ዝርያ ነው» ማለት ትልቅ ስህተት ነው። የድምፅ ቅጥነት በኪሎኸርዝ ይለካል፤ የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው የሚሰማው፤ ስልክም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በ2014 እ.ኤ.አ. ከኮሎምቢያ ጎርጎና ደሴት የተገለጸው ሱፐርሶነስ የሚባል ፌንጣ እስከ 150 ኪሎኸርዝ ይዘፍናል። አጠገባችሁ ቆሞ ቢጮህ አትሰሙትም። ለሌሊት ወፍ ድምፅ የሚያገለግለውን መቅጃ ተዋሱ። የአየሩን ሙቀትም መዝግቡ፤ ሲበርደው ዘፈኑ ይዘገያል።

አጻጻፉ

«ውብ፣ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ለየት ያለ ፌንጣ።» የልጁ ረቂቅ የሚጀምረው እንዲህ ነበር። ከማን የተለየ? ገለጻው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የእንስሳት ስያሜ ደንቡም አዲሱን ዝርያ ከሌላው የሚለዩት ነገሮች በቃል እንዲቀመጡ ያስገድዳል። የቅርብ ዘመዱን ስም ጥሩ፤ «የዚያኛው መቆንጠጫ ቀጥ ያለ ነው፣ የዚህኛው ወደ ውስጥ የታጠፈ» በሉ።

ልኬት ላይ ደግሞ በሰውነት ርዝመት አትመኩ። ሆድ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የኋላ ጭኑ ግን አይለወጥም፣ እሱን ለኩ። የሴቷን እንቁላል መጣያ ለብቻው ጻፉት።

ስሙ

ስም ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ማውጣት አይደለም። በኢንተርኔት ብቻ በሚወጣ መጽሔት ከሆነ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዙባንክ በሚባለው መዝገብ መመዝገብና ይህም ጽሑፉ ላይ መገለጽ አለበት። ሆሎታይፑ፣ ማለትም ስሙን የሚሸከመው አንድ ናሙና፣ የቱ እንደሆነና የት ተቋም እንደሚቀመጥ መጻፍም ግዴታ ነው። የብስኩት ቆርቆሮ ተቋም አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም አለው። ናሙና ወደ ውጭ የምትልኩ ከሆነ ቀድማችሁ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ጠይቁ።

ቃሉ በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ከየትም ቋንቋ ሊመጣ ይችላል። ሩፔል የሚባለው ጀርመናዊ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ተቀምጦ ነበር፤ በ1835 እ.ኤ.አ. ለስሜኑ እንስሳ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ ዋልያ የሚለውን የአገሩን ቃል ነው የወሰደው። ለካፋ ፌንጣ ከሆነ የካፋን ሰው በቋንቋው ምን እንደሚለው ጠይቁ። በራስ ስም መሰየም ደንቡ አይከለክልም፤ ግን ነውር ነው።

ልጁ በእናቱ ስም ሊጠራት አስቧል። ለወንድ የሚሆነውን የ«ኢ» መድረሻ ጽፎላት ነበር፤ ለሴት «ኤ» እንደሆነ ነገርኩት። እንግዲህ ዝርያው አዲስ ከሆነ ነው። ወንዱን ለመፈለግ መጪው ጥቅምት ተመልሶ ይሄዳል። የግንባር ባትሪ ገዝቷል። እኔ ደግሞ ወፈር ካለ ወረቀት አርባ ሌብል ቆርጬ፣ ከሁለት እርሳስ ጋር አስይዤዋለሁ።